ማጭድና ቢላዋ ከመሸጣቸው በፊት፦ የባለእጆች የፍተሻ ልማድ ታሪክ

መግቢያ

እንደሚታወቀው የደረሰ ጤፍ ጊዜ አይሰጥም። ቀኑ ካለፈበት ፍሬው ይረግፋል፤ ያልታሰበ ዝናብ ከመጣበት ደግሞ ይተኛል፣ ይበላሻልም። በዚህ ወቅት አርሶ አደሩ ደቦ ጠርቶ፣ እንጀራና ጠላ አዘጋጅቶ፣ ከነቤተሰቡ ወደ ማሳው ይወጣል። በእጁ የያዘው ማጭድ ስለቱን እስከ ቀትር ካልያዘለት ግን የጠራው ሰው ቁጥር ብዙም አይጠቅመውም። አጫጁ እየቆመ ይስላል፣ ብረቱ እየለመጠ ያስቸግራል፣ ቀኑም ይመሻል።

ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ገበያ ትስስር በየጊዜው ብዙ ተጽፏል። አርሶ አደሩ በየቀኑ ስለሚይዛቸው ማጭድ፣ ቢላዋ፣ መጥረቢያና ማረሻ ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። በተለይም እነዚህ መሣሪያዎች ከባለእጁ ወጥተው ወደ ገዥው ከመተላለፋቸው በፊት እንዴት ይፈተሹ እንደነበር የሚያወሳ ጽሑፍ እምብዛም አይገኝም። በመሆኑም ይህ ጽሑፍ የዚህን የፍተሻ ልማድ ታሪክ በአጭሩ በመዳሰስ ለዛሬው የኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚሰጠውን ትምህርት ለማመላከት ይሞክራል።

ብረት በአገራችን

ብረት በአገራችን የቆየ ታሪክ አለው። በ1ኛው ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈው “የኤርትራ ባሕር ጉዞ” የተባለው የነጋዴዎች መመሪያ ወደ አዱሊስ ወደብ ይገቡ ከነበሩት ሸቀጦች መካከል መጥረቢያና ሰይፍ፣ ለጦር መሥሪያ የሚሆን ብረት፣ ከሕንድ የሚመጣ ብረትና አረብ ብረት እንደነበሩ ይዘረዝራል። በ6ኛው ክፍለ ዘመን አክሱምን የጎበኘው ነጋዴው ኮስማስም የአክሱም ሰዎች ወርቅ ወደሚገኝበት ወደ ሳሱ አገር ሲወርዱ ከብት፣ ጨውና ብረት ይዘው ይሄዱ እንደነበር ጽፏል። ከዚህ መረዳት የሚቻለው ብረት በወርቅ የሚለወጥ ውድ ነገር እንደነበር ነው። ውድ ነገር የገዛ ሰው ደግሞ ሳይፈትሽ አይወስድም።

ብረት ከውጭ ብቻ የሚመጣ አልነበረም። በተለያዩ አካባቢዎች የብረት አፈር በከሰል እሳት እየቀለጠ ብረት ይወጣ ነበር። በደቡብ ኦሞ የሚገኘው የዲሜ ሕዝብ በዚህ ሙያ በሰፊው ይታወቃል። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ደግሞ ቤተ እስራኤላውያን በብረት ሥራ ስማቸው የተጠራ ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በአገራችን የቆየው ሚሲዮናዊ ማኑኤል ደ አልሜይዳ ቤተ እስራኤላውያን ሸማ በመሥራት፣ እንዲሁም ጦር፣ ማረሻና ሌሎች የብረት ዕቃዎችን በማበጀት እንደሚኖሩ ጠቅሶ፣ ታላቅ ብረት ሠሪዎች መሆናቸውን መስክሯል። ከጎንደር ከተማ አጠገብ በምትገኘው ወለቃ ወንዶቹ ብረት ሲቀጠቅጡ ሴቶቹ ሸክላ ይሠሩ ነበር። የጎንደር ዙሪያ ገበሬ ማጭዱንና ማረሻውን የሚያገኘው ከእነዚህና ከመሰሎቻቸው ባለእጆች ነበር።

ታሪክ ጸሐፊዎች ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አቅራቢያ በጋፋት ያሠሩትንና በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ያስጎተቱትን፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ በዝርዝር ጽፈውታል። ያን ጉዞ ያደረገውን ሠራዊት የመገበው እህል የታጨደበትን ማጭድ ማን እንደሠራውና እንዴት እንደሞከረው ግን የጻፈ የለም። ልማዱ የተላለፈው ከአባት ወደ ልጅ በእጅና በዓይን ነው።

ፍተሻው እንዴት ይካሄድ ነበር

የባለእጁ መሥሪያ ቤት ቀላል ነው። ከቆዳ የተሰፋ ወናፍ፣ የከሰል ምድጃ፣ መስፍ፣ መዶሻ፣ ጉጠት፣ ሞረድና ውኃ የተሞላ ገንዳ ይበቁታል። ልጁ ወናፉን ይነፋል፤ አባት ብረቱን በጉጠት ይዞ ይቀጠቅጣል። “ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው” የሚለው አባባልም ከዚሁ መደብ የወጣ ነው።

የመሣሪያው ዕጣ የሚወሰነው በመጨረሻው ደረጃ ላይ ነው። ቅርጹ የተስተካከለው ቢላዋ እንደገና እስኪቀላ ይሞቅና ውኃ ውስጥ ይነከራል። በዚህ ጊዜ ጥሩ ብረት ይጠነክራል። ይሁን እንጂ ከመጠን በላይ የጠነከረ ብረት እንደ ሸክላ ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ ባለእጁ ጥቁሩን ገላ በሞረድ ወይም በድንጋይ አሽቶ ካነጣው በኋላ በቀስታ መልሶ ያሞቀዋል። ብረቱ መጀመሪያ የገለባ ዓይነት ቢጫ ቀለም፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያም ሰማያዊ ያወጣል። የገለባው ቀለም የሚታየው ሙቀቱ ከ220 እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ሲሆን ሰማያዊው ደግሞ በ300 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቢላዋ በገለባው ቀለም ላይ ሲቆም ስለት ይይዛል፤ ወደ ሰማያዊው ሲሄድ እየላላ ይመጣል። ባለእጁ የሙቀት መለኪያ የለውም፤ መለኪያው ዓይኑ ነው። ዓይን ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ይሳሳታል። ፍተሻ ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

ፍተሻው በቅደም ተከተል ሲታይ የሚከተለውን ይመስላል።

አንደኛው በዓይን ማየት ነው። ቢላዋው ወደ ብርሃን ቀና ተደርጎ ከእጀታው ወደ ጫፉ ሲታይ መጣመሙ ወይም ቀጥ ማለቱ ይለያል። ማጭድ ከሆነ የጉብጠቱ ልክ ይታያል።

ሁለተኛው ድምፅ ነው። ብረቱ በሌላ ብረት ቀስ ተብሎ ሲመታ ደህና ከሆነ ጥርት ብሎ ይጮኻል። ውስጡ የተሰነጠቀ ከሆነ ድምፁ ይታፈናል። በዓይን የማይታይ ስንጥቅ በጆሮ የሚያዝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሦስተኛው ሞረድ ነው። ሞረዱ በስለቱ ላይ ሲሄድ ከተንሸራተተ ብረቱ ጠንክሯል ማለት ነው። ነክሶ ከያዘና ብናኝ ካወጣ ገና ልል ነው።

አራተኛው መለመጥ ነው። የቢላዋው ጫፍ በእንጨት ላይ ተደግፎ በእጅ ይጫኑታል። ለመጥ ብሎ ወደ ቦታው ከተመለሰ ጥሩ ነው። እንደታጠፈ ከቀረ ልል ነው። ከተሰበረ ደግሞ ከመጠን በላይ ጠንክሯል።

አምስተኛውና የመጨረሻው ሥራው ራሱ ነው። ቢላዋው በደንብ ከተሳለ በኋላ የክንድ ጸጉር ይላጭበታል ወይም ገለባ ይቆረጥበታል። ከዚያም ደረቅ እንጨት ይጠረብበትና እንደገና ገለባው ይሞከራል። ልዩነቱ የሚታወቀው በዚህ በሁለተኛው ሙከራ ነው። አዲስ የተሳለ ብረት ሁሉ አንድ ጊዜ ይቆርጣል፤ እንጨት ከጠረበ በኋላም የሚቆርጠው ግን በትክክል የተሠራው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በባለእጁ መደብ ላይ የተገኘ ጉድለት አብዛኛውን ጊዜ ይታረማል። የላላው እንደገና ሞቆ ይነከራል፤ ከመጠን በላይ የጠነከረው መልሶ ይሞቃል፤ የተሰነጠቀውም ወደ እሳት ተመልሶ ሌላ ዕቃ ይወጣዋል። ኪሳራው ጥቂት ከሰልና የግማሽ ቀን ድካም ነው። ያው ጉድለት ማሳ ላይ ሲገኝ ግን የሚከፍለው አርሶ አደሩ ነው፤ የሚከፍለውም በሚረግፍ እህል ነው።

እየተሰደበ የሠራ እጅ

ይህን ሁሉ የሚያደርገው ባለእጅ በኅብረተሰቡ ዘንድ ክብር አልነበረውም። ብረት ሠሪው ቡዳ ነው፣ ሌሊት ወደ ጅብነት ይለወጣል፣ በዓይኑ ሰው ይበላል የሚል ኋላ ቀር እምነት ለብዙ ዘመናት ተስፋፍቶ ቆይቷል። “ጠይብ” የሚለው ስምም ሙያን መግለጫ መሆኑ ቀርቶ መስደቢያ ሆነ። ገበሬው የሠራለትን ማረሻ ይዞ እያረሰ ከሠሪው ጋር ግን አብሮ ለመብላትና ለመጋባት ይጸየፍ ነበር።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሰውን በሥራው ምክንያት መስደብን ከልክለዋል። አዋጁ ብረት ሠሪውን ብቻ ሳይሆን ሸማኔውን፣ ጸሐፊውን፣ ነጋዴውንና አራሹን ገበሬ ጭምር ያነሣ ነበር። ገበሬና ባለእጅ በአንድ አዋጅ ጥላ ሥር መሰለፋቸው ሊታወስ የሚገባው ነው። ይሁንና አመለካከት በአንድ አዋጅ ብቻ አይለወጥምና ስድቡ ከዚያ በኋላም ረዥም ዕድሜ ኖሯል።

ከዚህ አኳያ ሲታይ ፍተሻው ለባለእጁ የሙያ ሥርዓት ብቻ አልነበረም። ቃሉ በማይታመንበት አገር ብረቱ ይመሰክርለት ነበር። ገዥው ፊት ለፊቱ ቆሞ “አላምንህም” ቢለው እንኳ ያው ቢላዋ ደረቁን እንጨት ጠርቦ ገለባውን ሲቆርጥ ክርክሩ ያበቃል። ባለእጁ ክብር ያላገኘበት ገበያ ላይ ሥራው ክብር ያገኝ የነበረው በዚህ መንገድ ነው።

ክፍያውም ፍተሻ ነበር

በብዙ የገጠር አካባቢዎች ባለእጁ የሚከፈለው በገንዘብ አልነበረም። ዓመቱን ሙሉ የደንበኞቹን ማረሻ እያሾለ፣ ማጭድና ቢላዋቸውን እየጠገነ ይቆይና በመኸር ወቅት ከየደጁ እህል ይሰፈርለታል። ይህ አሠራር ሲመረመር በውስጡ ትልቅ ዋስትና ነበረው። ክፍያው የሚፈጸመው መሣሪያው ማሳ ላይ ተፈትኖ እህሉ አውድማ ከደረሰ በኋላ ነውና ሠሪው መጥፎ ዕቃ ቢሰጥ የራሱን ቁና ያጎድላል። ገበሬውም ቢሆን ባለእጁን ቢያስከፋ ለሚቀጥለው ክረምት ማረሻ የሚያሾልለት አያገኝም። ስለዚህ ሁለቱ፣ አንዱ ሌላውን ባያከብረውም፣ አንዱ ያለ ሌላው መኖር እንደማይችል ያውቁ ነበር።

ባቡር፣ ባሌስትራና ፌሮ

የጅቡቲ ባቡር ሥራ በ1890 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ከባቡሩና ኋላም ከመኪናው ጋር የውጭ ብረት በብዛት ገባ። ብረትን ከአፈር ማውጣት አድካሚ በመሆኑ ባለእጁ ቀስ በቀስ ወደ ቁርጥራጭ ብረት ዞረ። የመኪና ባሌስትራ፣ ያረጀ ሞረድ፣ የሀዲድ ቁራጭ፣ በኋላም ከግንባታ የተረፈ ፌሮ ጥሬ ዕቃው ሆኑ።

ይህ ለውጥ ሥራውን አቀለለ፤ ፍተሻውን ግን ይበልጥ አስፈላጊ አደረገው። ምክንያቱም ብረት ሁሉ አንድ አይደለም። ብረትን የሚያጠነክረው በውስጡ ያለው የካርቦን መጠን ነው። የባሌስትራ ብረት ብዙውን ጊዜ 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን ስላለው ሞቆ ሲነከር በደንብ ይጠነክራል፤ ጥሩ ቢላዋና ማጭድም ይወጣዋል። ፌሮ ግን በአብዛኛው ካርቦኑ አነስተኛ በመሆኑ የቱንም ያህል ቢነከር ለስለት የሚበቃ ጥንካሬ አያገኝም። ሁለቱም ተቀጥቅጠው፣ ተስለውና ተወልውለው ገበያ ላይ ሲዘረጉ ግን በዓይን አይለዩም። የሚለያቸው ሞረዱና እንጨቱ ነው።

በዚሁ ጊዜ ገበያውም ተለወጠ። በሠሪውና በገዥው መካከል ቸርቻሪ ገባ። በአንድ ወረዳ የተሠራ ማጭድ በሌላ ወረዳ ይሸጥ ጀመር። ከውጭ የሚመጣ የፋብሪካ ዕቃም ጎን ለጎን ተዘረጋ። ገዥው ሠሪውን አያውቀውም፤ ሠሪውም ማጭዱ በማን ማሳ ላይ እንደሚታጠፍ አያይም። ክፍያውም በገንዘብ፣ ያውም ከመኸር በፊት ሆነ። የቀድሞው ዋስትና በዚህ መልክ ቀረ።

በጎንደር አካባቢ ደግሞ ሌላ ለውጥ መጣ። ቤተ እስራኤላውያን በ1977 ዓ.ም. እና በ1983 ዓ.ም. በተካሄዱት ዘመቻዎች በብዛት ወደ እስራኤል ሄዱ። በግንቦት ወር 1983 ዓ.ም. ብቻ ከ14 ሺህ በላይ የሚሆኑት በሁለት ቀን ውስጥ በአውሮፕላን ተጓጉዘዋል። ከእነርሱም ጋር ለዘመናት የተጠራቀመ የብረት ሥራ ዕውቀት አብሮ ሄዷል።

የሌላው ዓለም ልምድ

ሠሪና ገዥ ሲራራቁ እምነትን በምን መተካት ይቻላል የሚለው ጥያቄ በአገራችን ብቻ የተነሣ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በሸፊልድ ከተማ ዙሪያ የነበሩ ቢላዋ፣ ማጭድና መቀስ ሠሪዎች እ.ኤ.አ. በ1624 በፓርላማ ሕግ ማኅበር አቋቁመዋል። የማኅበሩ ደንብ ስለት ያለው ዕቃ ስለቱ ከአረብ ብረት እንዲሆን ያስገድድ ነበር። እያንዳንዱ ሠሪ የራሱን ምልክት አስመዝግቦ በሥራው ላይ ይመታል፤ የማኅበሩ ሹማምንትም አታላይ ዕቃን የመፈለግና የመያዝ ሥልጣን ነበራቸው። በዚህም ቢላዋው ሩቅ አገር ቢሸጥ እንኳ ማን እንደሠራው ይታወቅ ነበር። የሸፊልድ ስም በዓለም ገበያ እንዲታመን ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው።

ፍተሻ ሲላላ የሚሆነውን ደግሞ ይኸው አገር በሌላ ጊዜ አይቶታል። እ.ኤ.አ. በጥር 1885 በጎረቤት ሱዳን በአቡ ክሌአ በተደረገው ጦርነት የእንግሊዝ ወታደሮች ሳንጃ በውጊያው መካከል ታጠፈ። ጉዳዩ በጋዜጦችና በፓርላማ ብርቱ ክርክር አስነሥቷል። ሀብታም መንግሥት የገዛው ብረት ቢሆንም በሚፈለግበት ሰዓት ሳይቆም ቀርቷል።

በቅርቡ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የአሜሪካ ቢላዋ ሠሪዎች ማኅበርም አባላቱን የሚያሳድገው በፍተሻ ነው። ዕጩው በእጁ የሠራው ቢላዋ ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ወፍራም ገመድ በአንድ ምት መቁረጥ፣ ጣውላ ሁለት ጊዜ ጠርቦ መጣል፣ ከዚያም ሳይሳል የክንድ ጸጉር መላጨት አለበት። በመጨረሻም በማሰሪያ ተይዞ እስከ 90 ዲግሪ ሲታጠፍ መሰበር የለበትም። ይህን ያነበበ አርሶ አደር የገበያውን ባለእጅ ገለባና እንጨት ማስታወሱ አይቀርም። መንገዱ አንድ ነው፤ ልዩነቱ እነርሱ ልማዱን በደንብ ጽፈው በማኅበር መያዛቸው ነው።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ድርሻ

በአገራችን ዘመናዊ የኅብረት ሥራ ሕግ በ1953 ዓ.ም. በድንጋጌ ቁጥር 44 የተጀመረ ሲሆን በ1958 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 241 ወጥቷል። በደርግ ዘመን ባለእጆችም በኅብረት ሥራ ማኅበራት እንዲደራጁ ተደርጓል። ከአዋጅ ቁጥር 147/1991 በኋላ ደግሞ መሠረታዊ ማኅበራት በዩኒየን ተሰባስበው ግብዓት በጋራ መግዛትና ምርት በጋራ መሸጥ ጀመሩ። ይህ አሠራር በአዋጅ ቁጥር 985/2009ም ቀጥሏል። ዛሬ ዩኒየን በሠሪና በገዥ መካከል በቆመበት ቦታ ላይ ትናንት የቆመው ቸርቻሪው ነበር። ዩኒየን የቸርቻሪውን ቦታ ከያዘ የቸርቻሪውን ቸልተኝነት ግን መውረስ የለበትም።

ዘር ሲገባ የብቅለት ፍተሻ ይደረግለታል። ቡና ሲገባ ይቀመሳል። ስንዴ ሲገባ እርጥበቱ ይለካል። ማጭድና ቢላዋ ግን ተቆጥሮ ወደ መጋዘን መግባቱ ብቻ በቂ ተደርጎ ሲወሰድ ይስተዋላል። ከላይ ከተወሳው ታሪክ በመነሣት ማኅበራት ሦስት ነገሮችን ያለ ብዙ ወጪ ሊተገብሩ ይችላሉ።

1ኛ. ከየርክክቡ የተወሰኑትን መርጦ መፈተሽ። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ሞረድ፣ ደረቅ እንጨትና ገለባ ነው። ፍተሻው ሠሪው ባለበት ቢደረግ ጉድለቱ ወዲያው ይታረማል፤ ቅሬታም አይኖርም።

2ኛ. ሠሪው ምልክቱን እንዲመታበት ማድረግ። ስሙ በብረቱ ላይ ያለ ሰው ለስሙ ይጠነቀቃል። ለዘመናት ስሙ በስድብ ብቻ ሲነሣ የኖረ ባለሙያም በሥራው የሚታወቅበት ዕድል ያገኛል።

3ኛ. ማሳ ላይ የታጠፈ ወይም የተሰበረ መሣሪያ ተመልሶ የሚለወጥበትን ጊዜ አስቀድሞ መወሰን፣ ከክፍያውም የተወሰነውን እስከ መኸር ማቆየት። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እህሉ አውድማ ሲደርስ ይሰፈርለት የነበረው የአባቶች አሠራር ነው። ሆኖም ባለእጁ ለከሰልና ለጥሬ ዕቃ መግዣ የሚሆነውን በቅድሚያ ሊያገኝ ይገባል። አለበለዚያ ባሌስትራ መግዛት ያቃተው ሰው ወደ ፌሮ መዞሩ አይቀርም።

ማጠቃለያ

ሲጠቃለል ማጭድና ቢላዋን ከመሸጥ በፊት መፈተሽ ከውጭ የመጣ አሠራር አይደለም። በየገበያው ጥግ፣ በወናፍና በከሰል ጢስ መካከል የኖረ የራስ ዕውቀት ነው። የጠፋው ሠሪና ገዥ ሲራራቁ ነው። አራርቆ ያጠፋውን አቀራርቦ መመለስ ደግሞ የኅብረት ሥራ ማኅበር ዋና ተግባር ነው። ባለእጁ የአባልነት በሩ ተከፍቶለት ከአርሶ አደሩ ጋር በአንድ ጉባኤ ሲቀመጥ ፍተሻው የጥርጣሬ ምልክት መሆኑ ይቀርና የመከባበር ምልክት ይሆናል። ያን ጊዜ በኅዳር ማለዳ ወደ ጤፍ ማሳው የሚወጣ አርሶ አደር የያዘው ማጭድ እስከ ማታ እንደሚያቆየው ያውቃል፤ ማን እንደሠራለትም ያውቃል።